«አላገባሁም» ብሎ ማስረዳት፦ ጀርመን ሄዶ ጀርመናዊ ለማግባት ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ጀርመን አገር ቄስ አያጋባም። ሼኽም፣ ፓስተርም አያጋባም። ማለቴ፣ ተክሊሉ ይፈጸማል፣ ኒካሁ ይታሰራል፣ ኬኩ ይቆረሳል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ በሕግ ፊት ግን በማግስቱ ስትነሱ ሁለታችሁም ላጤ ናችሁ። ባልና ሚስት የሚያደርጋችሁ የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ መዝጋቢ ብቻ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች በጀርመንኛው «ሽታንደስአምት» የሚሉት ቢሮ ማለት ነው። ነገሩ የቆየ ነው። የያኔው የጀርመን ቻንስለር ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሚተናነቅበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1875 በወጣ ሕግ፣ ጋብቻ ከካህን እጅ ወጥቶ መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሕጉ ሦስት በር ከፍቷል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። ሦስቱም ሙሉ ጋብቻ ናቸው። የሚመዘገበው ግን ሁሉም አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ቪዛው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ስሟን እስካልጠቀስኩ ድረስ ጻፈው ብላኛለች። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፣ እጮኛዋ ጀርመናዊ ነው፣ ሠርጉ እሱ አገር በነሱ በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት፣ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ያማከረቻቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ቪዛ ነገሯት፤ ስለ ቋንቋ ፈተናው፣ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ ባንክ ሂሳቡ። አንድም ሰው «ያላገባሽ መሆንሽን እንዴት ነው የምታስረጂው?» ብሎ አልጠየቃትም። ሠርጉ በበጋ መሆኑ ቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በብርድ ሆነ።

ከጀርመን ሕግ እንጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የፍርድ ቤት ፈቃድ፣ የወላጅ ስምምነት የሚባል ማምለጫ የለም። ሌላ ትዳር ሊኖራቸው አይገባም። በቀጥታ የሥጋ ዘመድ፣ ወይም ወንድምና እኅት መሆን የለባቸውም። ሁለቱም በራሳቸው ፈቃድ፣ በአካል ተገኝተው፣ በአንድ ጊዜ «እሺ» ማለት አለባቸው። በውክልና ማግባት እዚያ አይሠራም። በቃ፣ ይሄው ነው። ሃይማኖት አይጠይቁም፣ ጥሎሽ አይጠይቁም፣ ሽማግሌ አይጠይቁም።

ከዚህ በኋላ ግን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይመጣል። የጀርመን ሕግ «እያንዳንዱ ሰው ማግባት መቻል አለመቻሉ የሚለካው በራሱ አገር ሕግ ነው» ይላል። ስለዚህ ጀርመናዊው እጮኛ በጀርመን ሕግ ሲመዘን፣ ኢትዮጵያዊቷ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ትመዘናለች። አስቡት እስቲ፦ አንድ የጀርመን ከተማ ውስጥ የተቀመጠ መዝጋቢ፣ ስለ ዋልያና ስለ ቡና እንጂ ስለ ኢትዮጵያ ብዙም የማያውቅ ሰው፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ እየገለጠ «ይህች ሴት በአገሯ ሕግ ማግባት ትችላለች ወይ?» ብሎ መመለስ አለበት።

ሕጋችን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ የተፋታች ሴት ጋብቻዋ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ እንደገና እንዳታገባ ይከለክላል። ምክንያቱ የሚወለደው ልጅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እርጉዝ አለመሆኗን በሐኪም ካስረዳች ቀነ ገደቡ ይቀርላታል። በዚያ ላይ የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው፤ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፣ ግን አንድ አይደለም። የባሕር ዳሯን ልጅና የቦሌዋን ልጅ ለፈረንጅ መዝጋቢ በአንድ መጽሐፍ ማስረዳት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ራሱ እንዳያጠና ሲል የጀርመን ሕግ ሥራውን ወደ እናንተ አገር ይገፋዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው አንቀጽ 1309 የውጭ ዜጋ ከአገሩ መንግሥት «ይህ ሰው በሕጋችን ማግባት ይችላል» የሚል ምስክር ወረቀት እንዲያመጣ ይጠይቃል። የወረቀቱ ስም በጀርመንኛ «ኤፌኢሽካይትስትሶይግኒስ» ነው፤ አንብባችሁ እስክትጨርሱት ቀጠሮው ያልፋል። እንዲህ ያለ ወረቀት በነሱ በሚፈለገው መልክ የሚሰጡት ጥቂት አገሮች ናቸው። ኢትዮጵያ የምትሰጠው ሌላ ነገር ነው፣ ያላገባ ማስረጃ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ከዚያ ግዴታ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት አለበት። ማመልከቻው በመዝጋቢው በኩል «ኦበርላንደስገሪሽት» ወደሚባለው ከፍ ያለ የክልል ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሚወስነው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ወረቀቶቻችሁ ተመርምረው ፈቃዱ ሲሰጥ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው። በ6 ወር ውስጥ ካላገባችሁ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ። የቪዛ ቀጠሮ የሚቆየው ስንት ጊዜ እንደሆነ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ላይ መሳቅ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያላገባ ማስረጃ።

ወረዳ ሄዳችሁ፣ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ፣ ምስክር አቁማችሁ፣ «እገሌ ጋብቻ አልፈጸመችም» የሚል ወረቀት ትቀበላላችሁ። ወረቀቱ እውነት የሚናገረው ስለ መዝገቡ ነው። መዝገቡ ውስጥ የተጻፈ ጋብቻ የለም ማለት ነው። ጋብቻ የለም ማለት ግን አይደለም! በሕጋችን በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሳይመዘገብም ጋብቻ ነው። ወረቀት ባይኖር እንኳ ሰፈሩ ባልና ሚስት ብሎ የሚያውቃቸው መሆኑ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ስንቱ ሰው ነው በ22 ዓመቱ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ፣ ከዚያ «ተለያየን» ብሎ ዕቃውን ተካፍሎ የሄደው? በልቡ ላጤ ነው። በሕግ ግን ጋብቻ በፍቺ የሚፈርሰው ፍርድ ቤት ሲወስን እንጂ ሽማግሌ ሲያለያይ፣ ወይም ልብሱን በሻንጣ ሲይዝ አይደለም። ያ ሰው ሳይፋታ ጀርመን ሄዶ ቢፈርም እዚያም እዚህም ድርብ ጋብቻ ነው። ድርብ ጋብቻ ደግሞ በሁለቱም አገር ወንጀል ነው።

እዚህ ላይ ጀርመኖቹን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አልችልም። አንድ ነገር መኖሩን ማስረዳት ቀላል ነው፤ አለመኖሩን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። እነሱ አገር ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲፋታ፣ ቤት ሲቀይር ሁሉ ስለሚጻፍ ባዶ መዝገብ «የለም» ማለት ነው። እኛ አገር ባዶ መዝገብ «አልጻፍንም» ማለት ነው። ሁለቱ ባዶዎች አንድ አይደሉም፣ መዝጋቢውም ይህን ያውቃል።

የልደት ሰርተፊኬቱም ያው ነው። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው በይፋ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ዛሬ ለማግባት ዕድሜው የደረሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የተወለደው ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ የተወለደችው በ1986 ነው፣ ሰርተፊኬቷ የተሰጠው በ2010 ነው። የእኛ ዓይን ይህን አያየውም። የጀርመኑ ዓይን ግን መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነበር፦ «ከተወለደች ከ24 ዓመት በኋላ ማን መጥቶ፣ ምን አይቶ ነው ይህን የጻፈው?» መልሱ «እናቷና ሁለት ምስክሮች» ነው። እኛ ዘንድ ከእናት በላይ ምስክር የለም። እዚያ ግን እናት «ጉዳዩ የሚነካት ወገን ናት» ልትባል ትችላለች።

የቀን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት። ኅዳር 10 ቀን 1986 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 19 ቀን 1993 ናት። አንድ ጸሐፊ ተቻኩሎ 7 መደመር ሲገባው 8 ደምሮ 1994 ካላት፣ ፓስፖርቷ ላይ 1993 ካለ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃዋ ላይ ደግሞ ወሩ ሳይቀየር በኢትዮጵያው ቀን ከተጻፈ፣ መዝጋቢው ፊት የቀረቡት ሦስት ሴቶች ናቸው። ስሙም እንዲሁ። ጸሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በስንት መንገድ እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ፤ ወረዳው አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት፣ ተርጓሚው የራሱን ዓይነት። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ወረቀት ከማውጣታችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ እያንዳንዱ ሰነድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል በሱ ልክ ማስተካከል እንዳለባችሁ ነው። ወረዳ ላይ ስም ማስተካከል የአንድ ቀን ምልልስ ነው። ጀርመን ከደረሰ በኋላ የወራት ደብዳቤ ይሆናል።

ታዲያ ጀርመኖቹ ካላመኑ ምን ያደርጋሉ? ይመረምራሉ። የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነዶች ማኅተም አይቶ ብቻ አያጸድቅም፤ የሰነድ አሠራራቸው አያስተማምንም ተብለው ከተመደቡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነን። በዚህ ምትክ የጀርመኑ መዝጋቢ ወይም ፍርድ ቤቱ ኤምባሲውን «ይህን አጣሩልን» ብሎ ይጠይቃል፤ ኤምባሲው ደግሞ የሚያምነውን የአገር ውስጥ ጠበቃ ይልካል። ይህን እናንተ በራሳችሁ ማስጀመር አትችሉም። ጥያቄው ከጀርመን መሥሪያ ቤት መምጣት አለበት። ወጪው ግን የእናንተ ነው። በመቶዎች ዩሮ የሚቆጠር ነው፣ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ወራትም ይወስዳል።

ጠበቃው ወረዳ ሄዶ መዝገቡን ያያል። ከዚያ ሰፈር ይገባል። ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤት ሊሄድም ይችላል። የአክስቴ ልጅ ያልጠበቀችው ይህን ነበር። ደሴ ላሉት አጎቶቿ ፈረንጅ ልታገባ መሆኑን ገና አልነገረቻቸውም፤ «ወረቀቱ ይለቅና ቤት ሄጄ በክብር እነግራቸዋለሁ» እያለች ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱፍ የለበሰ ሰው በር አንኳኩቶ «እገሌ አግብታ ታውቃለች?» አላቸው። ያን ዕለት ማታ የጮኸውን ስልክ ተዉት። ደግነቱ አጎቷ ቢናደዱም እውነቱን ተናገሩ። የሌላ ሰው አጎት ሊጎዳት ብሎ ሳይሆን ለክብሩ ሲል «እንዴ፣ ታጭታ ነበር እኮ፣ የደንብ ሽማግሌ ተልኮባታል» ቢልስ? ማጨት ማግባት አይደለም፣ ሪፖርቱ ላይ ሲጻፍ ግን ያንን ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ከወረዳው በፊት ለቤተሰብ ንገሩ።

ሌላ አገር ኖራችሁ ከነበረም ተዘጋጁ። ቤሩት ወይም ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ከዚያ አገርም ያላገባ ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለች። ከዚያ ሳትመለሱ በፊት ማውጣት ይቀላል፤ ከተመለሱ በኋላ ግን በሰው በሰው ነው። ተፋትታችሁ ከሆነ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሙሉው ያስፈልጋል፣ «ተፋትተዋል» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ አይበቃም። ሁለት ኢትዮጵያውያን ኢትዮጵያ ውስጥ በፍርድ ቤት ከተፋቱ ጀርመን ያንን ብዙ ሳታካብድ ትቀበለዋለች። የቀድሞው ባል ወይም ሚስት የሌላ አገር ዜጋ ከነበረ ግን ፍቺው ራሱ መጀመሪያ እዚያ እውቅና ማግኘት አለበት። እሱ የራሱ ሌላ ፋይል ነው።

ስለ ቪዛው ብዙ ተጽፏልና አላንዛዛውም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዙ። መጀመሪያ ጀርመን ያለው እጮኛ፣ እናንተ የፈረማችሁበትን የስምምነት ጽሑፍ ይዞ ጋብቻውን እዚያ ያስመዘግባል። ወረቀቱ አልቆ «ማግባት ይችላሉ» የሚል ማረጋገጫ ሲወጣ ነው ኤምባሲው ለጋብቻ የሚሆነውን ረጅሙን ቪዛ የሚያየው። ክፍያው 75 ዩሮ ነው። የጀርመንኛ መነሻ ደረጃ፣ ሁሉም «ኤ አንድ» የሚለው፣ የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት የተባለውን የጀርመንኛ ማስተማሪያ የሚያጨናንቀው አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። ቪዛ ከተከለከላችሁ እንደ ድሮው ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ጽፎ እንደገና ማስመርመር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ያለው አማራጭ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ያለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው።

«በጉብኝት ቪዛ ገብተን ዴንማርክ እንጋባ» የሚለውስ? ይህን ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። እውነት ነው፣ ዴንማርክ ወረቀት ብዙ አታበዛም፣ ከድንበሯ ያሉ ትናንሽ ከተሞች በውጭ ዜጎች ሠርግ የታወቁ ናቸው፣ እዚያ የተፈጸመ ጋብቻንም ጀርመን ትቀበላለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ግን ዴንማርክም ማመልከቻዎችን በአንድ መሥሪያ ቤት ሰብስባ የይስሙላ ጋብቻን በደንብ ታጣራለች። ትልቁ ችግር ግን ከሠርጉ በኋላ ነው። ጋብቻው ይጸናል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ግን አብሮ አይመጣም። የአጭር ጊዜ ቪዛ የተሰጠው ለጉብኝት ነውና የውጭ ዜጎች ቢሮው ብዙ ጊዜ «ወደ አገርሽ ተመልሰሽ ትክክለኛውን ቪዛ ይዘሽ ነይ» ይላል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የቋንቋ ፈተናውም፣ የሰነድ ማጣራቱም ቁጭ ብለው ይጠብቋችኋል። አቋራጩ ዞሮ ዞሮ እዚያው መንገድ ላይ ይጥላችኋል።

አዲስ አበባ ላይ ተጋብቶ ከዚያ በቤተሰብ ማገናኘት መሄድስ? እኔ ብጠየቅ፣ ቤተሰብ እዚህ ከሆነ ይህንን እመርጣለሁ። አክስቴ ሠርጉን በቪዲዮ ነው ያየችው፣ እስካሁንም ይቆጫታል። ማግባት መቻሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት የማምጣቱ ሸክም ያን ጊዜ ወደ ጀርመናዊው ይዞራል፣ እነሱ ደግሞ መዝገብ አላቸው። ግን የኢትዮጵያ ሰነዶች ምርመራ አይቀርም። ቪዛው ላይ ይመጣል።

እዚያው ጀርመን በስደት ላሉ ሰዎች ነገሩ ይለያል። የስደተኛነት እውቅና ያገኘ ሰው፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ኤርትራዊ፣ በጄኔቫው ስምምነት መሠረት የሚዳኘው በሚኖርበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ ከአገሩ መንግሥት የማግባት ብቃት ወረቀት አይጠየቅም። ማንነቱን ግን ማስረዳት አለበት። የልደት ወረቀት ማግኘት ፈጽሞ ካልቻለ መዝጋቢው በመሐላ የተደገፈ ቃሉን ሊቀበለው ይችላል። «ሊቀበል ይችላል» ነው የሚለው ሕጉ። አንዱ ከተማ ይቀበላል፣ ሌላው ያንገራግራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከመንግሥቴ ሸሽቻለሁ ብሎ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ለሠርጉ ብሎ ኤምባሲ ሄዶ አዲስ ፓስፖርት ቢያወጣ ጥገኝነቱ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መዝጋቢው «ፓስፖርት አምጣ» ስላለ ብቻ አትሩጡ፤ መጀመሪያ ጠበቃ ወይም የስደተኞች አማካሪ ጠይቁ።

ከዚያ ደግሞ ጥያቄና መልሱ አለ። መዝጋቢው ጋብቻው የይስሙላ መሆኑ ግልጽ ሆኖ ከታየው አላጋባም የማለት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ኤምባሲውም እንዲሁ። የት ተዋወቃችሁ፣ መጀመሪያ ማን ነገረ፣ ወንድሙ ምን ይሠራል፣ ልደቷ መቼ ነው? የኛ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ውሸት ስለሚናገር ብቻ አይደለም። ልደት የማያከብር ቤት ውስጥ ያደገች ሴት የልደት ቀኗን እጮኛዋ እንዲያውቅ ነግራው አታውቅ ይሆናል። «ወንድሜ» ያለችው የአጎቷ ልጅ ሊሆን ይችላል። የተገናኙበትን ወር እሷ በግንቦት፣ እሱ በሰኔ ያስታውሱታል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የየራሳቸው ወር ነው። እጮኛችሁን ስለዚህ አስተምሩት። መልስ አስጠንታችሁት አይደለም፣ እሱ ወዲያው ይታወቃል። ቤታችሁ እንዴት እንደሚጠራራ፣ ዘመኑ እንዴት እንደሚቆጠር ንገሩት። ቻቱን፣ የበረራ ቲኬቱን፣ ፎቶውን አታጥፉ።

ሁሉም አልፎ ቀኑ ሲደርስ ነገሩ አጭር ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ 25 ደቂቃ ፈጀ። ጀርመንኛ በደንብ የማይገባው ሰው አስተርጓሚ ማምጣት አለበት፤ ዘመድ አስተርጓሚ ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ምስክር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ግዴታ አይደለም። በኛ ሕግ ለያንዳንዳቸው ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ነው የሚቆመው። እሷ «ያለ ምስክር እንዴት ይሆናል» ብላ አራት ሰው ይዛ ሄደች። አራቱም ቆመው አዩ።

እዚያው ስለ ስም ትጠየቃላችሁ። ማንም ስሙን የመቀየር ግዴታ የለበትም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሁለቱም ሁለቱን ስሞች አጣምረው መያዝም ይችላሉ። ግን አስቡበት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ጀርመን ውስጥ እንደ ቤተሰብ ስም የሚጻፈው አባት ወይም አያት ነው። የባል ስም ወስዳችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ላይ ግን አባታችሁ ከቀሩ፣ ቦሌ ላይ አንድ ሰው፣ ፍራንክፈርት ላይ ሌላ ሰው ናችሁ።

የንብረቱም ሕግ ከኛው ይለያል። በኢትዮጵያ በትዳር ዘመን የተፈራ ሀብት በአጠቃላይ የጋራ ነው። ጀርመን ውስጥ ውል ካልተዋዋላችሁ የየግላችሁ የየግላችሁ ሆኖ ይቆያል፣ ሲፋቱ ግን በትዳሩ ዘመን የማን ሀብት ምን ያህል እንዳደገ ተሰልቶ ልዩነቱ ይካፈላል። ከዚህ የተለየ ከፈለጋችሁ በኖተሪ ፊት መዋዋል ነው። «ይህን ፈርሚ» የሚል ሰው ካለ የምትረዱት ቋንቋ ላይ ተተርጉሞ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ይህን ለወንዶችም እላለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራ ፈቃድ ጋር ነው የሚመጣው። መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ግን ፈቃዱ በትዳሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አብራችሁ ጀርመን ውስጥ ሦስት ዓመት ሳትኖሩ ከተለያያችሁ ፈቃዱ ሊቀር ይችላል። ዱላ ወይም ሌላ ከባድ በደል ካለ ግን ሕጉ ሦስቱን ዓመት አይጠብቅም። «ብትሄጂ ያባርሩሻል» እየተባለች የምትቀመጥ ሴት ይህን ብታውቅ ጥሩ ነው። ዜግነት በትዳር በኩል ሲሆን ሦስት ዓመት መኖርና ሁለት ዓመት በትዳር መቆየት ይጠይቃል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ፈቅዳለች። ኢትዮጵያ አልፈቀደችም። ጀርመናዊ ማግባት በራሱ ኢትዮጵያዊነትን አያሳጣም፣ የጀርመን ዜግነት መውሰድ ግን ያሳጣል። ከዚያ በኋላ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ነው።

ኢትዮጵያስ ያንን ጋብቻ ታውቀዋለች ወይ? ታውቀዋለች። የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 5 ውጭ አገር በዚያ አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ የጸና ነው ይላል። የምዝገባ አዋጁ ደግሞ ውጭ ያለ ኢትዮጵያዊ ጋብቻውን በኤምባሲ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ይህንን የሚያደርገው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። የአክስቴ ልጅም እስካሁን «እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ» ስትል ነው። ባለፈው ወንድሟ ለቤት ካርታ ጉዳይ ወረዳው ሄዶ መዝገቧን አስገልጦ ነበር። ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ያ ሁሉ ዩሮ ካለቀ በኋላ፣ እዚያ መዝገብ ላይ አሁንም ያላገባች ናት።